ባሌ እስኪፈርም ድረስ ስለተቆለፈችው ኪኒን

ለተከበሩ የከተማችን ብቸኛ መድኃኒት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በመሳቢያዎ ቆልፈው የሚጠብቋት ኪኒንም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከመድኃኒት ቤትዎ ማዶ ልብስ የምሰፋው የከባድ መኪናው ሹፌር ሚስት ነኝ። ስላደረጉልኝ ጥንቃቄ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

፩. እሑድ ጠዋት፣ ኮንዶም በተቀደደብን በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ ስጠይቅዎ ወረፋው ሁሉ እንዲማር ጥያቄዬን ጮክ ብለው ስለደገሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጆሯቸው የከበደው የባሌ አክስት እንኳ ከበሩ ላይ ሆነው አጥርተው ሰምተዋል።

፪. ባሌ መጥቶ ይፈርም ስላሉም አመሰግናለሁ። ባሌ በዚያ ሰዓት የአራት ቀን መንገድ ጀምሯል። ሁለተኛ ልጄን በቀዶ ጥገና ያዋለደኝ ሐኪም ቁስሉ በደንብ ሳይሽር ባረግዝ ለሕይወቴ እንደሚያሰጋ አስጠንቅቆኛል፤ ልጄ ደግሞ ገና ሰባት ወሯ ነው። ይህንንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነገርኩዎ፤ ምን ዋጋ አለው፣ እርስዎ ዘንድ ከሐኪም ቃል የባል ፊርማ ይበልጣል።

፫. ኪኒኗ ጽንስ ታስወርዳለች ብለው ስለገሠጹኝ፣ እኔም በትሕትና ላስረዳዎ፦ እንቁላል እንዳይወጣ ታዘገያለች እንጂ የተጀመረ እርግዝና አትነካም። ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ያውም በቶሎ መዋጥ አለባት፤ በዘገየች ቁጥር ጉልበቷ ይደክማል። ይህ ሁሉ በሳጥኗ ውስጥ ባለው ወረቀት ተጽፏል፤ ግን ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ማንበቢያ ጊዜ ከየት ያመጣል!

፬. ሰኞም ማክሰኞም ተመላልሼ ለመንኩዎ። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ በሳምንት አንዴ፣ ረቡዕ ከሰዓት ነው፤ የእኔ ሦስት ቀን ግን ረቡዕ ንጋት ላይ አለቀ። መውጫ መግቢያ አጣሁ፤ ስፌት ላይ ተቀምጬ መስኮትዎን እያየሁ አለቀስኩ። ሐሙስ ባሌ ደርሶ ሲፈርም ኪኒኗን በሁለት እጅዎ አክብረው ሰጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ቁልፍዎ አይጥፋ፣ መሳቢያዎ አይላላ ብዬ እየመረቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከመስኮትዎ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት የእርግዝና መመርመሪያ ስገዛ ባሌንም አልጠየቁኝ፣ ድምፅዎንም ከፍ አላደረጉ፤ ፈገግ ብለው ሸጡልኝ። ሁለት መስመር አሳየ፤ አርግዣለሁ። ፈርቻለሁ። ሐኪሜ ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው የሚፈርምበት ቅጽ ሰጥቶኛል፤ ባሌ እንደገና መንገድ ላይ ነውና፣ እባክዎ እርስዎ መጥተው ይፈርሙልኝ።