ምሳ ዕቃህ ያገኘው ክብር

ቀጮ፣ እንደምን ሰነበትክ? ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ሕንፃ ተወው፤ ውስጡ ያየሁትን ልንገርህ።

የየአገሩ ሙዚየም የላከውን ፎቶ ባንድ ድረ ገጽ ላይ የሚያወጡት እዚህ ነው። ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፤ ከእኛ ሙዚየም የተላከውን ልታሳየኝ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። የእኛ ዕቃ ክፍል አቧራ የጠገበ መሆኑን ታውቃለህ፤ እዚህ ግን ማሰሮዎቻችን እንደ ሙሽራ አምረው ሳያቸው ኩራት ኩራት አለኝ። ቀጥሎ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ያንተ ምሳ ዕቃ። "መደርደሪያው ላይ ያለውን አንድም ሳታስቀሩ ፎቶ አንሱ" በተባለ ቀን እዚያው አስቀምጠኸው ኖሯል።

ከሥሩ "ባለ ሦስት ድርብ የአምልኮ ሥርዓት ዕቃ፣ ዘመኑ ያልታወቀ" ይላል። ከደረጃ ስትጥለው የተሰረጎደውን በጣቷ እያሳየችኝ "ይሄ ምልክት ትርጉም አለው" አለች። ሳቄን ዋጥ አደረግሁት።

"ለመሆኑ ዛሬም ይከፈታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በየቀኑ፣ እኩለ ቀን ላይ" አልኳት። ምን ላድርግ፣ መዋሸት አልወድም።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ሥርዓቱ አልጠፋም ማለት ነው" አለች።

አሁን ልታየው ልትመጣ ነው። እስከዚያ ምሳህን በፌስታል ያዝ፤ ስርጉዱንም እንዳታቃናው። ቦታ አለቀብኝ፤ የቢሮውን ሰው ሁሉ ሰላም በልልኝ። እናትህን ግን በተለይ ሳምልኝ። ጠዋት ጠዋት ዕቃውን የሚሞሉት እሳቸው መሆናቸውን ነግሬያታለሁና፣ መጥታ እግራቸው ላይ ብትወድቅ እንዳይደነግጡ።