ጭስ ማውጣት ስላቆመው ጭስ ማውጫችን

ለክቡር አቶ ዴል ሆስኪንግ
የሃይኪ ፖይንት ታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ኮሪንስ እንዴት ናቸው? ጣሪያዎ ላይ የተከመረው በረዶ ማንንም ሳይጎዳ እንዲወርድልዎ፣ መኪናዎ ጠዋት ጠዋት ሳያስቸግር እንዲነሳልዎ፣ ደረትዎም ከሳልና ከትንፋሽ ማጠር እንዲጠበቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል።

እርስዎ ያውቁኛል። ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ አዳዲስ ነዋሪዎች ካሉ ግን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የነዳሁት፣ አሁን ደግሞ ሐይቁ ዳር ባለው ቀይ የድንጋይ ቤት ከባለቤቴ ከሬይኖ ጋር የምኖረው ኢርማ ላህቲ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከኮሚቴዎ በደረሰኝ ትእዛዝ፣ ሳሎናችን ውስጥ ያስገጠምነውን የጋዝ ምድጃ በሠላሳ ቀን ውስጥ ነቅለን የቀድሞውን የእንጨት ምድጃ ወደ ቦታው እንድንመልስ ታዘናል። ለዚህ መልሴን በጋዜጣ የምጽፈው ለክብርዎ በማሰብ ነው፤ በግል ብልክልዎ ከዚህ በፊት ከጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጋር አንድ ላይ ተኝቶ እንዳይቀር ሰጋሁ። ቅሬታዬንም ለንባብ እንዲመችዎ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጭሱ። ባለቤቴ ሬይኖ ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ውስጥ እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ ያ የእንጨት ምድጃም ኩራቱ ነበር። ማገዶውን ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይፈልጣል፣ ራሱ ይከምራል፤ እኔ ክምሩን ስነካ እንኳ «ተይው፣ ታበላሺዋለሽ» እያለ ይቆጣኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ሳንባው አልችልም አለ። ጭሱ ገና ሽው ሲል ሳሉ ይነሳበታል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጋደም ካለ ስለሚታፈን ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ይነጋለታል። መስከረም ላይ አንዲት የሳንባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። «ወይዘሮ ላህቲ፣ ነገሩን አላድበሰብስብዎትም፤ ከእንጨቱና ከባልዎ አንዳቸው ከቤት መውጣት አለባቸው» አለችኝ። ብዙ አላሰብኩም፤ እንጨቱ ይውጣ አልኩ። እንግዲህ ጥፋቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ሳህን። የጋዝ ምድጃ ለማስገጠም ማመልከቻ ባስገባሁ በሳምንቱ፣ ክቡርነትዎ በእግርዎ መጥተው በሬን አንኳኩተው፣ ዘቢብ የገባበት ቢጫ ዳቦ በሳህን ሞልተው አመጡልኝ። «አይጨነቁ ወይዘሮ ኢርማ፣ ይታያል። ለሬይኖ የማይሆን ነገር ምን አለ!» ብለውኝ ሄዱ። በእኛ ከተማ ሰው ሲወለድም፣ ሰው ሲሞትም ሳህን ይመጣል። ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ስለሆነ፣ ሊከለክሉ ሲያስቡም ሳህን ይመጣል። ስልሳ ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ ይህንን ሦስተኛውን ዘነጋሁት። አይ እኔ! የተፈቀደልኝ መስሎኝ ምድጃውን አዘዝኩ፤ ሬይኖ ጤናው ሳለ የፈለጠውን፣ ሁለት ዓመት የደረቀውን ማገዶ በሙሉ ደግሞ ለጎረቤቶቻችን ለሳውናቸው፣ ለእንፋሎት መታጠቢያቸው ማሞቂያ ሰጠሁት። ሬይኖ በመስኮት ቆሞ ክምሩ ተጭኖ ሲሄድ እያየ «በሥርዓት ጫኑት» አለ። ማገዶው በሄደ በአሥረኛው ቀን የእርስዎ የክልከላ ደብዳቤ ደረሰ። ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር ዳሩን መርጋት ጀምሮ ነበር፤ እኛ ግን እንጨትም ጋዝም የሌለን፣ በሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች መካከል ካፖርት ለብሰን የምንቀመጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሆንን፤ ብርዱም ለሬይኖ ሳንባ ከጭሱ የተሻለ አልሆነም። ለዚያ ጣፋጭ ዳቦ አሁንም አመሰግናለሁ። ካፖርት ለብሶ ለመብላት የሚመች ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ክልከላው ምክንያት። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬ ለሬይኖም ሰጠሁት። «ከጭስ ማውጫው ጭስ መውጣቱ ከቆመ ቤቱ ታሪካዊ ገጽታውን ያጣል» ይላል። ወይ ጉድ! ለካ ጎብኚዎች ፋኖስ ይዘው የሚዞሩበት የከተማው የክረምት የፋኖስ ጉዞ የሚተዋወቅበት በራሪ ወረቀት ላይ ያለው ፎቶ የእኛ ቤት ኖሯል፤ ጣሪያው በረዶ ለብሶ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ። ፎቶው ያማረ ነው፤ አልክድም። የፎቶውን ሌላ ጎን፣ ማለትም በዚያች ደቂቃ ሳሎን ውስጥ ወንበር ጨብጦ ትንፋሹን የሚፈልገውን ሰውዬ፣ ፎቶ አንሺው አላገኘውም።

ኮሚቴው ጉዳያችንን ለማየት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ባደረገው ስብሰባ ላይ ሬይኖ አልቀርም ብሎ መጣ። ደረጃውን ለመውረድ ሦስት ጊዜ አረፈ። ተራው ሲደርስ ተነስቶ፣ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ እየወሰደ «እኔ ከጭሱ ጋር... አርባ አራት ዓመት... ኖሬያለሁ። እናንተ... የኖራችሁት... ከፎቶው ጋር ነው» አለ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ክቡርነትዎ «ስሜትዎን በሚገባ እንረዳለን፣ አቶ ሬይኖ» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። የሚቀጥለው አጀንዳ የመንገድ መብራት ምሰሶዎች አረንጓዴ ይቀቡ ወይስ ጥቁር የሚል ነበር፤ እሱ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ተወያያችሁ። ስሜታችንን ስለተረዳችሁልን ምስጋናችን ወደር የለውም። የምሰሶዎቹ ስሜት ግን የበለጠ ሳያስጨንቃችሁ አልቀረም።

አራተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ሳህን። ይህንን የምጽፈው ካፖርቴን አውልቄ ነው፤ አሁን ቤታችን ሞቃት ነው። ከስብሰባው በኋላ ሁለተኛ ሳህን ዳቦ ይዘው መጡና ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ «ለአምስት ወር ብቻ እኮ ነው ወይዘሮ ኢርማ፤ መሃል ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ በጣም ንጹሕ ነው፣ ሾርባውም ይመሰገናል። አቶ ሬይኖ እዚያ ይክረሙና በረዶው ሲቀልጥ መልሰው ያመጧቸዋል» አሉኝ። ልክ ለክረምት መጋዘን ስለሚገባ ጀልባ እንደሚያወሩ! የወጥ ቤታችን በር እንደማይገጥም ቤቱን በታሪካዊነት ያስመዘገቡት እርስዎ ስለሆኑ ሳያውቁት አይቀሩም። ሬይኖ ማዶ ክፍል ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ገብቼ ሳየው መሳቢያውን ከፍቶ ካልሲዎቹን እያጣጠፈ ነበር። «ኢርማ፣ ያቺ ቡኒ ሻንጣ የት ነው ያለችው?» አለኝ። «ምን ልታደርጋት?» ስለው «አንቺ ከሰው አትጣዪ። አምስት ወር ምን አላት?» አለ። «ሻንጣዋን አይጥ በልቷታል» አልኩት። ዋሸሁት፤ ሻንጣዋ አልጋው ሥር ናት፣ እዚያው ትቀመጣለች። በዚያች ቀን ግን ከኮሚቴው የምለምነው ነገር እንዳለቀ ይወቁልኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቅሬታ ይሁን ኑዛዜ ብዬ ለመቁጠር ስለቸገረኝ ቁጥር አልሰጠሁትም። በማግስቱ ለምድጃ ገጣሚው ለዌስ ፔልቶላ ደወልኩ። ዌስ ቱቦዎቹን ተሸክሞ፣ በረዶ እስከ ጉልበቱ እየዋጠው መጣና በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ ኢርማ፣ ፈቃዱስ?» አለኝ። «ፈቃዱ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ እየሳለ ነው፤ ጫማህን አራግፍና ግባ» አልኩት። ገባ። በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ ሁለት ቱቦ ቁልቁል አወረደ፤ አንዱ ምድጃው የሚፈልገውን አየር ከውጭ ያመጣል፣ ሌላው የተቃጠለውን ያወጣል። እሳቱ በድፍን መስታወት ተዘግቶ ስለሚነድ ቤት ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። የጋዝ ተቆጣጣሪው መጥቶ መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀብቶ መረመረ፤ ጋዝ ማምለጡን የምታሳይ አንዲት አረፋ ስላጣ ፈረመ። ከድንጋዩ ላይ አንዲት ጠጠር አልተነሳችም። ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው አዲስ ነገር ቢኖር ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያለች ባርኔጣ የምታህል ክዳን ናት፤ እሷም በረዶ ለብሳለች።

ማብሪያውን ያዞረው ሬይኖ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆኖ ተነሳ፣ ቆይቶ ቢጫ ሆነ። ሬይኖ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው፣ አየውና «ይሄ እሳት አይንጣጣም እንዴ?» አለ። «አንተም መሳል ትተሃል፤ ተወው ዝም ይበል» አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ሳል አልቆረጠበትም። ጠዋት ስነሳ አጠገቤ በጀርባው ተንጋሎ ተኝቶ አገኘሁት፤ ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሦስተኛው ሳህን ከነትእዛዙ መጣ። እርስዎ አልገቡም፤ ደጃፍ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ዳቦው በረዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ መልሴ ይኸውልዎ። አልነቅልም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምለው፤ በሠላሳ ቀንም፣ በሦስት መቶ ቀንም አልነቅልም። የፋኖስ ጉዞው ያለ ጭስ የማይሆን ከሆነ ግን የኮሚቴውን ችግር ስለምረዳ አንድ መላ አለኝ፤ ክቡርነትዎ ፒፓ እንደሚያጨሱ አውቃለሁና ጎብኚዎች በሚመጡባቸው ቀናት ጣሪያችን ላይ ወጥተው፣ ከጭስ ማውጫው ኋላ ተደብቀው ያጭሱልን። መሰላሉን እኔ እይዝልዎታለሁ። የእንጨት ጭስ እንዲህ የታሪክ ሽታ ያለው ከሆነም፣ ክቡርነትዎ ኮረብታው ላይ ባሠሩት አዲስ ቤት፣ ወለሉ ከሥር እንደሚሞቅና በባዶ እግርዎ እንደሚሄዱበት ሁሉም ሰው ያወራልና፣ አንድ ክረምት እንቀያየር። እርስዎ እንጨት ይፈልጣሉ፣ እኛ በካልሲ እንንሸራሸራለን።

አንድ ነገር ላስታውስዎና ልጨርስ። አንደኛ ክፍል ሳሉ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሲወጡ እግርዎ ቀዝቅዞ ያለቅሱ ነበር። ከእኔ ወንበር ኋላ፣ ማሞቂያው የሚነፍስባትን አንዲት ቦታ ሁልጊዜ ለእርስዎ ነበር የምይዘው፤ ትልልቆቹ ሲቀመጡባት «ተነሱ፣ የዴል ናት» እያልኩ አባርራለሁ። ያኔ ማንንም አላስፈቀድኩም። ለሰው ሙቀት ለመስጠት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለመብራት ምሰሶዎቹም ያማረ ቀለም እየተመኘሁ፣ ጭስ በማያወጣው ቤቴ ውስጥ ከሞቃቱ ወንበሬ ሳልነሳ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ፤

የክብርዎ የቀድሞ ሾፌር፣ የአሁን ጥፋተኛ
ኢርማ ላህቲ (ሬይኖም አንብቦታል፤ «ትንሽ አለሳለስሽው» ብሏል)

ማሳሰቢያ፦ ከሥራቸው በተለጠፈ ፕላስተር ላይ «ሆስኪንግ» ተብሎ የተጻፈባቸው ሦስት ሳህኖች እኔ ዘንድ ናቸው። በአገራችን ሳህን ባዶውን አይመለስምና፣ ነገ ሦስቱንም ሞልቼ ደጃፍዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ። የምሞላበትም ከአሮጌው ምድጃ የተጠረገው የመጨረሻው አመድ ነው። ታሪካዊ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዙት። ምድጃውን ሊያስነቅሉ የሚመጡ ዕለት ይዘውት ይምጡና ደረጃችን ላይ ይበትኑት፤ በረዶው እንዳያንሸራትትዎ። እኔ ከእንግዲህ አመድ የለኝም።