ከእማዬ መልሶች የትኛው ያንቺ ነው?

ውድ እህቴ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ አክስታችንስ እንዴት ከርመዋል? ቀጥዬ የእማዬን ጤንነት ልጠይቅ እጄ በልማዱ ሲሄድ መለስኩት። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ሌላውን አትጠይቂኝ።

ስትደውዪ ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። ብናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አባባይ እሆናለሁ፣ ነገሩም በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን አቋርጠሽኝ አትገቢም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጠራ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ልጇን ልትጠይቅ እዚህ ከተማ መጥታ ኖሮ አገኘችኝና አቅፋ፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ እናትሽ ደግ ሰው ነበሩ» አለችኝ። እኔ እየሳቅኩ «ለምኑ?» አልኳት። «ካረፉ ሰባት ስምንት ወር ይሆናቸው የለም እንዴ?» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። ለእናቴ ያለቀስኩት፣ እታለም፣ ትኬት ቆራጩ «ትሳፈሪያለሽ አትሳፈሪም?» እያለ ሲጮህብኝ ነው።

ለምን እንደደበቃችሁኝ አልጠፋኝም። «የመጨረሻ ፈተናዋን ትጨርስና ይነገራታል» ብላችሁ ተማክራችኋል። ሰፈርተኛው ሁሉ እናቴን ሲቀብር እኔ ፈተና ነበረብኝ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ። እንደምታውቂው ከትምህርቴ ጎን የምሠራው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው፤ ተመላሽ መጻሕፍት አቧራ እየጠረግኩ፣ የተቀደደ ገጽ እየፈለግኩ ወደ መደርደሪያቸው እመልሳለሁ። ያንን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያገኘሁት እዚያ ነው። እማዬ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጋ ሐኪሙ ድምፅ አውጥታ እንዳትናገር ሲከለክላት፣ ተረት ወዳድ ናትና እያንዳንዱን ምዕራፍ በአማርኛ እየተረክሁ በድምፅ እልክልሽ ጀመር። አንቺ ትራስጌዋ ተቀምጠሽ ታሰሚያታለሽ፣ በሹክሹክታ ያለችሽን ደግሞ ትጽፊልኛለሽ። ውላችን ይህ ነበር።

ታሪኩን አንቺም ሰምተሽዋል። የአሮጌ ኮሌጅ ተማሪ የሞተች የክፍል ጓደኛዋን ልትመልስ ወደ ሙታን አገር ትወርዳለች። በረኛው ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው፤ ለምትናገረው ሁሉ «ምንጭሽ ምንድን ነው?» እያለ ያንገላታታል። ታች ያሉት ሙታን መሞታቸውን አያውቁም፤ ደብተር ይዘው ለማይመጣ ፈተና ያጠናሉ። ልጅቷ ጓደኛዋን አግኝታ ሰባት ፎቅ አብራት ስትወጣ፣ ስታወራት፣ ስታሳስቃት፣ «ሞተሻል» የምትለዋ አንዲት ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። እኔ ተናድጄ «እንዴት አትነግራትም! የማወቅ መብት የላትም ወይ?» ብዬ የጮህኩትን ድምፅ ልኬልሻለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ምን ብለሽ እንደጻፍሽልኝ ታስታውሻለሽ? «እማዬ ‹ተያት፣ ፈርታ እኮ ነው› አለች።» ያንን ያለችው እማዬ ናት? ወይስ አንቺ ራስሽ በሙት አፍ ይቅርታ እየጠየቅሽኝ ነበር?

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሶቹን ሁሉ ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የእሷን ካንቺው ለይተሽ ምልክት አድርጊበት። «ልጅቷ እዚያ ታች ምን ትበላለች?» ያለችው እሷ መሆን አለባት። «በረኛው ‹ነገ ተመለሺ› የሚለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው» የሚለው ግን ያንቺን ቀልድ ይመስላል፤ ስንት ቀን እንደሳቅሁበት ብታውቂ። እናቴን እያስታወስኩ አንቺን እንዳላስታውስ ነው የምለምንሽ። የመጨረሻውን ምዕራፍ አልተርክልሽም፤ ስተርክ የነበረው ለአንቺ አልነበረም።

አፉን ዘግቶ ለከረመው ባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺ። «አያቴ ተኝታለች» ማለት ላስተማራችኋት ለትልቋ ልጅሽ አልተቀየምኳትም በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። የአክስታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ እሷ እንኳ ሁለቴ ስልክ ላይ ስትነፋረቅብኝ ጉንፋን መስሎኝ «ትኩስ ነገር ጠጪ» ብያት ነበር።

የሞተችበትን ቀን ለምን እንዳልጠየቅኩሽ ይገርምሽ ይሆናል። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፍኩ ዕለት፣ «‹ልጄ፣ ኮራሁብሽ› በያት አለች» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ አንደኛ ስወጣ እንኳ «ታዲያ ሌላ ምን ሥራ አለሽ?» ነበር የምትለው። ያም መልእክት ሰባት ስምንት ወር ይሆነዋል፤ ከሞቷ በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። ሌሎቹን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ለዪልኝ። እሱን ግን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፤ ቀኑንም አትጻፊልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ መጋቢት ፲፩ ቀን