የአባባ የቆርቆሮ ኩባያ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤታችን ላይ ይሁን። እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሌሊት የሚነሳብዎ ሳል ተወዎት ወይ? እማማስ ወገቧን ተሻላት? ጎሻችንስ ወለደች ወይስ አሁንም ደጅ ታስጠናችኋለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ሙሉ ነው። የጎደለኝ እማማ ፀሐይ ላይ አቡክታ የምትጋግረው የፀሐይ ዳቦ ብቻ ነው፤ የእስክንድርያ ዳቦ ገና ሳይነክሱት ያልቃል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት እማማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለምታስቀምጠው ነው። እኛ ስናወራ ሰፈሩ በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ ደብዳቤውን ለሹፌሩ ለኸለፍ ሰጥቼ፣ ከአባቴ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ብዬ አስምዬዋለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ያንብቡት። ሪፋዒ ላንብብልዎት ካለ «ሂድ ጎሿን አጠጣ» ይበሉት። ጥርስዎ እንዳበጠ፣ ዳቦውን በሻይ እያራሱ እንደሚውጡ፣ ፀጉር አስተካካዩ ኡስታ ጋቢር ዓርብ ጉጠቱን ይዞ እንዲመጣ እንደላኩበት የነገረኝ እሱ ነው። ወንድሜን አይቆጡብኝ፤ አፉ አያርፍም እንጂ ልቡ ደግ ነው።

እኔ ያለሁበትን ልንገርዎት። ትምህርት ቤቱ ለልምምድ የመደበኝ ዶክተር ማግዳ የሚባሉ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ነው። እስካሁን ከሰው አፍ አንድም ጥርስ አልነቀልኩም፤ ሥራዬ ዕቃ ማጠብ ነው። እማማ ይህን ብትሰማ «ዕቃ ለማጠብ ነው እንዴ እስክንድርያ ድረስ?» እንደምትል አውቃለሁ። ግን እጥበቱ እጥበት እንዳይመስልዎት! ዕቃው ከአፍ እንደወጣ በወፍራም ጓንት ይያዛል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ይደርቃል፣ በወረቀት ከረጢት ይታሸጋል። ከዚያ አውቶክሌቭ በሚሉት፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ በሚዘጋ ትልቅ ድስት ውስጥ በእንፋሎት ይቀቀላል። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ካልቀየረ፣ ወይም ከረጢቱ እርጥብ ሆኖ ከወጣ፣ ለሶላት የታጠበው ዉዱእ እንደፈረሰበት ሰው ከመጀመሪያው መጀመር ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ እርጥቡን ከንጹሑ መደርደሪያ ብደረድረው፣ ዋናዋ ነርስ እትዬ ኑዕማት «አንቺ ልጅ፣ ሰርግ ቤት ሳህን የምታቀብዪ መሰለሽ?» ብለው ሁሉንም አስመለሱኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሐጂ መብሩክ የሚባሉ መረብ ጠጋኝ ሽማግሌ መጡ። ጉንጫቸው እንደ እርስዎ አብጧል። ተራቸው ደርሶ ላስገባቸው ስል ከጀለቢያቸው ኪስ የቆርቆሮ ኩባያ አወጡና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ያ የጉበት ቫይረስ አለብኝ። የምጉመጠመጥበትን ይዤ መጥቻለሁ፤ የሰው ዕቃ አልነካም» አሉኝ። አባባ፣ ክው አልኩ። የእርስዎ ኩባያ መጣችብኝ። እጀታዋ ላይ ሰማያዊ ክር የታሰረባት፣ መስኮቱ ላይ ለብቻዋ የምትቀመጠው፣ ልጆች ሳለን ልንነካት ስንል እጃችንን መታ የሚያደርጉን።

ያን ጊዜ እጄ የሠራው ቤት የለመደውን ነው። ኩባያዋን በአክብሮት ተቀብዬ መስኮቱ ላይ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ጓንት በጓንት ላይ ደረብኩ። ከዚያ ድምፄን አለስልሼ «ሐጂ፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ ቢገቡ ይሻላል» አልኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ እኮ ነው! ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዘወር ብለው አዩዋቸው፤ አንዲት ሴትዮም ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ዶክተር ማግዳ «ሐጂ የታሉ?» ሲሉኝ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። «ከሳቸው በፊት የገባችው ሙሽራ ምን በሽታ አለባት?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ከሷ በፊት የነበረው ወታደርስ?» እሱንም አላውቅም። «እኔም አላውቅም። ስለማናውቅ ነው ሁሉንም እንደታመመ ቆጥረን የምንፈትገው፣ የምንቀቅለው፣ የምንወለውለው። ለሁሉም የበቃው ለሐጂ ምነው አነሰ? እውነቱን ስለነገሩሽ ልትቀጫቸው ነው?» አሉኝ።

ብወጣ ሐጂ የሉም። ኩባያቸውንም ይዘው ሄደዋል። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ትራም መጠበቂያው ላይ ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በአላህ ይመለሱልኝ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። «ተዪኝ ልጄ፣ የሰው ፊት እሳት ነው። በኔ ዕድሜ ሁለቴ አይቃጠሉበትም» አሉኝ። ያኔ ዕንባዬ ቀደመኝና «አባቴንም እንዲሁ ብለው መልሰውብኛል» አልኳቸው። «ከዚያ ወዲያ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ?» አሉ። አልሄዱም አልኩ። «በይ እንግዲያ ክንድሽን ስጪኝ። መቼም ደረጃችሁ ከጥርሱ የባሰ ነው» ብለው ተነሱ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ወዲያው ገቡ። ለሙሽራይቱ ያደረግሁትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረግሁላቸው። የሚጉመጠመጡበትን የወረቀት ኩባያ ስሰጣቸው አገላብጠው አዩትና «በዚህ ማን ጠጣበት?» አሉ። «ማንም። ከእርስዎ በኋላም ማንም አይጠጣበትም፤ ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው» አልኳቸው። ጥርሱ ሲወጣ አንዴ ብቻ «ያ ረብ» አሉ። ቆርቆሮዋን ትተዋት ሲሄዱ ተከትዬ ብወስድላቸው፣ «እናንተው ዘንድ ትሁን፣ ሪሃን ትከሉባት» አሉኝ። እትዬ ኑዕማት ተክለውባታል፤ የቅጠሉ ሽታ ክሊኒኩን ሞልቶታል።

አባባ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እርስዎ ግን አልሸሸጉም። እዚያ ከተማ ያለው የጥርስ ሐኪም ፊት እውነቱን ተናግረው ነው ሰው እያየ የተመለሱት። እጅዎን ይዤ አብሬዎት ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሸንኮራው ሲያጫውቱኝ መጡ፤ እንዳላለቅስ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ክኒኑን ጨርሰው ደምዎ ነጽቷል ከተባለም በኋላ ኩባያዋ ከመስኮቱ አልወረደችም።

እዚህ ስማር ያ በሽታ የሚተላለፈው በደም ነው አሉን። በኩባያ አይተላለፍም። ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ልጅን በመሳምም አይተላለፍም። ከትሪው ገሸሽ ብለው ሲቀመጡ፣ ታናሽ እህቴን ፋይቃን ግንባሯን እንኳ ሳይስሙ ሲያሳድጉ፣ ሁሉም ለኛ ብለው ነው። አጎቶቼ «ሴት ልጅ ብቻዋን እስክንድርያ?» ብለው ሲነሱብኝም በሩ ላይ የቆሙልኝ እርስዎ ነዎት። እንዴት ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም፤ አላህ በጀነት ይክፈልልኝ።

ኡስታ ጋቢር ጢምዎን ይላጭ፣ ያውም በአዲስ ምላጭ። ጉጠቱን ግን በጨርቅ ወልወል አድርጎ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እንደሚያዞረው እርስዎም ያውቃሉ። በሞቴ፣ ዓርብ አይምጣ ይበሉት። ለዶክተር ማግዳ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰኞ ይጠብቁዎታል። ሪፋዒ በባቡር ያምጣዎት። ሲደርሱ መጀመሪያም መጨረሻም አይገቡም፣ በተራዎ ነው። ዕቃውን የምቀቅለው እኔ ራሴ ነኝ።

እማማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ዳቦውን በእርስዎ እጅ ትላክልኝ። አክስቴ ዘኪያን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ሪፋዒን ደብዳቤውን ከጀርባዎ ቆሞ እያነበበ ከሆነ ጆሮውን ቆንጥጡልኝ። ጎሿንም ግንባሯን ደባብሱልኝ። ፋይቃን ግን አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይሳሙልኝ።

ሲመጡ ኩባያዎን እቤት ይተዉት። ጥርስ በወጣበት ቀን ትኩስ ነገር ክልክል ነው፤ በማግስቱ ግን ባሕሩ ዳር ወስጄ ሻይ እጋብዝዎታለሁ። የማዘው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይጠጣሉ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።

ልጅዎ ኢንሻራሕ
እስክንድርያ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 12 ቀን 2019