ደሙ የበሬው መስሎኝ

ውድ እህቴ፣ አንቺ ቁጡ፣

አክስታችን ቤት ቁጭ ብለሽ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ እንደምትቀድጂው አውቃለሁ። ቅደጂው፤ ግን ገጣጥመሽ አንብቢው።

ዓይንሽ ጨልሞ በስንት ሳምንት የተመለሰልሽ ጊዜ ሐኪሟ፣ "መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ የገዛ ሰውነትሽ ነርቭሽን ይመታል፤ ተወኝ ስትዪ ያገረሻል" አለችሽ። ሁለት መንገድም አስቀመጠች፦ በቀላሉ መድኃኒት ጀምሮ ካገረሸ ማጠንከር፣ ወይ ከመጀመሪያው በኃይለኛው መምታት። "ኃይለኛው ግን የሰውነት መከላከያን ያዳክማል፤ ከጥሬ ሥጋና ከቢላ መራቅ ይኖርብሻል።" ወደ አንቺ ዞረች። አፍሽን ስትከፍቺ ቀደምኩሽ፦ "በቀላሉ ይጀመርላት።"

ታላቅ አይደለሁ! ላንቺ የፈራሁ አስመሰልኩ እንጂ የፈራሁት ሥጋ ቤታችንን ብቻዬን መያዝን ነበር። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ወረፋው እስከ በር ደርሷል፤ አንቺ ከአንዲት ደንበኛ ጋር እየተሳሳቅሽ ጎድን ትፈልጪ ነበር። ደሙ በጠረጴዛው ወርዶ ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት። የበሬው መስሎኝ ጠረግሁት። ሁለቴ ጠረግሁት! ሴትዮዋ "ኧረ ጣቷ! ጣቷ!" ብላ ስትጮህ ነው ቀና ያልኩት። የግራ እጅሽን ሁለት ጣቶች እስከ አጥንት ሰንጥቀሽ አሁንም ትስቂያለሽ። በሽታው አገርሽቶ እጅሽን አደንዝዞት ኖሯል።

ተሰፍተሽ እንደተመለስን "መልሴን ከአፌ የነጠቅሽው አንቺ ነሽ!" ብለሽ በቡጢ ከንፈሬን ሰነጠቅሽው፤ ሚዛኑንም አንስተሽ ወረወርሽብኝ። ይበለኝ። ግን እኔም የቢላ መሳያውን ሞረድ አንስቼ መታሁሽ፤ የታመመች እህቴን፣ ያውም ፋሻው ላይ። ስፌቱ ተበጥሶ ደሙ ፈነዳ። አንቺ አልጮህሽም፤ አላመመሽማ። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ነበር። "ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ አሁንም ግን የቀረውን ማትረፍ እንችላለን" አለች። የትኛውን መድኃኒት እንደምትሰጥሽ ስጠይቃት ቆጣ ብላ፣ "የማናግረው እሷን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ራሷ ትምጣ፤ አንቺ ውጭ ትቀመጫለሽ" አለችኝ።

ማክሰኞ ነይ። ኃይለኛውን በይ፣ ቀላሉን በይ፣ ከፈለግሽ ሁላችንንም ስደቢን፤ ብቻ ነይ። የትኛውን እንድትመርጪ እንደምመኝ እዚህ ልጽፍልሽ ብዕሬን አሹዬ ነበር። እጄን ነክሼ ተውኩት።

የመታችሽ ታላቅ እህትሽ