የሁለተኛው ጎርፍ ልጅ

ለውድ እህቴ ለእቴቴ ራሂማ፣

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የጅማ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኔ አላህ ይመስገን፣ ከሙቀቱና ከሐሳቡ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስታነቢው ይገባሻል። ሹፌሩ አሸብር በእጅሽ ይሰጥሻል፤ አንብበሽ አቃጥይው።

በደብዳቤሽ፣ ልጄን ሀያቱን ወደ አንቺ ልላከው፣ እዚያ ለውትድርና የሚፈልገው የለም ብለሻል። እቴቴ፣ አትላኪው። ቀበሌው፣ መጻፍ ስለምችል፣ ለውትድርና የሚፈለጉትን ወጣቶች ስምና ዕድሜ ዝርዝር እንደገና እንድጽፍ አዞኛል።

ሟቹ ባለቤቴ ለስኳር መጠቅለያ የገዛውን የሚሲዮኖች የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ታስታውሻለሽ? የፊቱ ገጽ ተቀዶ ካለቀ በኋላ ያስጣልሁትን? አሁንም አነበዋለሁ። አንዱ ጋ ድሬድ፣ አንዱ ጋ አንኢዚ፣ መጨረሻው አካባቢ ወሪ ይላል፤ የሁሉም ፍቺ ግን ስጋት ነው። የዚሁ አገር ልጅ የሆነውን መምህር ፒተርን ብጠይቀው ሳቀብኝ። እማማ ከይሪያ፣ ልጅሽ ከባሮ እስኪመለስ ደጅ ደጁን ካየሽ ወሪ ነው፤ ውሃው ያለወትሮው ዝም ሲልብሽ እግርሽን ካወጣሽ አንኢዚ ነው፤ አዞውን አይተሽ መራመድ ካቃተሽ ድሬድ እሱ ነው፣ እኛ እንደሆነ ያለ መጽሐፍም እናውቀዋለን አለኝ።

ያልነገርሁሽ ነገር አለ። የዛሬ አራት ዓመት ለዚሁ ዝርዝር ጎረቤቴን ኛቾልን የልጇን የሆትን ዕድሜ ብጠይቃት፣ ባሮ ገበያውን የወሰደ ዓመት ወለድሁት አለችኝ። እዚህ ሰው ዕድሜውን በጎርፍ ነው የሚቆጥረው። ቆጥሬ አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍሁ። ለካስ ባሮ ገበያውን ሁለት ጊዜ ወስዶታል። ሆት የሁለተኛው ጎርፍ ልጅ ነበር፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ። ይህን ያወቅሁት ልጆቹን የጫነው መኪና በሄደ በሳምንቱ ነው። አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ልጁ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ኛቾል ግን ዓሣ ስታገኝ ለእኔ ሳታካፍል አትበላም።

አሁን ታናሹ ታንግ አሥራ ስምንት ሞላው። ትናንት መጥታ፣ አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ፣ የሚሆነውን ጻፊ ብላኝ ሄደች። ከወንድሙ የወሰድሁትን ሦስት ዓመት ለእሱ መልሼ አሥራ አምስት ብዬ ጽፌዋለሁ። ሐሙስ ግን ሊቀ መንበሩ ዝርዝሩን ይዞ ልጆቹን አሰልፎ ያያል። ታንግ ደግሞ ከቁመቱ የተነሣ በቤቴ በር የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው። ሐሙስን ሳስብ እግሬ አይራመድልኝም፤ ስሙን ፍለጋ መጽሐፍ አልገለጥሁም።

ለባለቤትሽ ለጋሽ ፈረጅ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የሐሙሱን ነገር እንዳትሰማ። ሀያቱን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ዕድሜውን ማንም ቢጠይቅሽ ረስቼዋለሁ በይ።

ታናሽሽ ከይሪያ
ጋምቤላ፣ ጥር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.