የአጎትሽ ቦታ በር ሥር አይደለም

ይድረስ ለልጄ ለፅዮን። እመቤቴ በሰው አገር ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደኅና ነን፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ለሠርግሽ የጠረጴዛ ቁጥሮቹን ከወይራ የቀረጸልሽ አጎትሽ አያ ማለደ ነው። ከአገሩ ከድብ ባሕር ድረስ ተሸክሞ አመጣቸው። እኅትሽ በስልክ የላክሽውን የእንግዶች አቀማመጥ ስታነብለት፣ የእሱ ስም የመጨረሻው ቁጥር ላይ፣ በር ሥር ተገኘ።

«ሸጋ ነው፤ ለመውጣት ይቀርበኛል» አለና ምሳ ሳይቀምስ ተነሥቶ ሄደ።

አባትሽ ሲሞት ያሳደገሽን ሰው ምነው እንዲህ አዋረድሽው? ከፊት ያስቀመጥሻቸው የእጮኛሽ አለቆች በር ሥር ይቀመጡ! አያ ማለደ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ከእኔ ጎን ይሆናል። ያለዚያ እኔም በር ሥር አብሬው እቀመጣለሁ፤ የእናትሽን ወንበር ባዶውን ታዪዋለሽ።

አምላክ በሰላም ያግባሽ፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂው።

እናትሽ እጅጋየሁ